ገንዘብን የምታርቀው ፊደል፦ «ጃንግ ዪ ሹ ጻይ» ምን ማለት ነው?

ከቻይንኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ የሚያነብ ወይም የጥንት ዘመን ተከታታይ ፊልም የሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ከደጁ እንግዳ አይጠፋም። የቸገረው ሲመጣበት «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል ብር ያወጣል። ስሙ ከእሱ ቀድሞ አገር ያዳርሳል። ቻይናውያን እንዲህ ያለውን ሰው በአራት ፊደል ይገልጹታል፦ ጃንግ ዪ ሹ ጻይ።

ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ «ለጋስ» ወይም «ቸር» ብሎ ያልፈዋል። ተሳስቷል አይባልም፤ ግን ከአባባሉ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከአራቱ ፊደሎች መካከል «ሰጠ» የሚል የለም። «ደግ» የሚልም የለም። ታዲያ ልግስናው የተቀመጠው የት ነው?

መጀመሪያ ነገር፣ ምን ዓይነት አነጋገር ነው?

ቻይንኛ «ቼንግዩ» የሚባሉ የጸኑ አባባሎች አሉት። አብዛኞቹ አራት ፊደል ናቸው። በቻይንኛ አንዱ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ስለሆነና በአብዛኛው የራሱ ትርጉም ስላለው፣ አራት ፊደል ሙሉ ሐሳብ ይሸከማል። የተሠሩት ዛሬ በሚነገረው ቻይንኛ ሳይሆን በጥንታዊው የጽሑፍ ቋንቋ ሰዋስው ነው። ስለዚህ ቼንግዩ በንግግር መሃል ሲገባ፣ አማርኛ የሚያወራ ሊቅ መሃል ላይ የግዕዝ ጥቅስ ጣል እንደሚያደርገው ያለ ስሜት ይሰጣል። አጭር ነው፤ ክብደት አለው፤ ቃሉን እንደፈለጉ መለወጥም አይቻልም።

ስለ አነባበቡ አንድ ሁለት ነገር። የመጀመሪያው «ጃንግ» ምላስን ወደ ኋላ ቆልመም አድርጎ የሚነገር ጅ ነው። የመጨረሻው «ጻይ» ደግሞ በእኛ ፊደል ጸ ተብሎ ቢጻፍም እንደ ጸ አይጠብቅም፤ ት እና ስ ተጣብቀው ትንፋሽ ሲጨመርባቸው የሚወጣው ድምፅ ነው። የድምፁ ከፍታ ጃንግ እና ዪ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሹ ላይ ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል፣ ጻይ ላይ ይነሣል። ሁለት መውደቅ፣ አንድ ቀጥ ማለት፣ አንድ መነሣት።

አራቱ ፊደሎች ምን ይላሉ?

አባባሉ ሁለት ጥንድ ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ አንድ ግስና አንድ ተሳቢ አለ፦ «ዪን መደገፍ»፣ «ገንዘብን ማራቅ»።

ጃንግ «ተመረኮዘ፣ ተደገፈ» ማለት ነው። በግራው በኩል የሰው ምልክት አለው፤ የቀኙ ክፍል ድምፁን ያመለክታል። ይህ ግስ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም። «ጃንግ ሺ ቺ ረን» የሚል ሌላ ቼንግዩ አለ፤ «ሥልጣንን ተመርኩዞ ሰውን መርገጥ» ማለት ነው። ጌታውን አይቶ ለሚጮህ ውሻም ይኸው ግስ ያገለግላል። ሰውየውን የሚለየው የተመረኮዘበት ነገር ነው።

ዪ የአባባሉ ልብ ስለሆነች ለብቻዋ እንመለስባታለን።

ሹ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በግራ የእግር ምልክት አለባት፤ በቀኝ ያለው ክፍል «ፈሰሰ» በሚለው ፊደል ውስጥ የሚገኘው ነው። ትርጉሟም ቢያንስ ሦስት ነው፦ የተደፈነ ቦይን ከፍቶ ማፍሰስ፣ አራርቆ መበተን፣ አለመቅረብ። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የሜንሺየስ መጽሐፍ ጥንታዊው ንጉሥ ዩ የጎርፍ ውሃ ወደ ባሕር እንዲወርድ ዘጠኙን ወንዞች እንደከፈተ ሲናገር የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ስለዚህ ሹ ጻይ ሲባል ሁለት ሥዕል ባንድ ላይ ይመጣል። አንደኛው ገንዘብን ከልብ አርቆ ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ከማይወደው ዘመድ ጋር እንደሚኖረው ያለ ርቀት። ሁለተኛው ቦይ መጥረግ ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ እንደሚያውቀው ውሃው ከታቆረ ይሸታል፣ ሞልቶም ግድቡን ይጥሳል፤ ቦዩ ከተጠረገ ግን የታችኛውም ማሳ ይጠጣል።

ጻይ ሀብት ነው። በግራው የዛጎል ምልክት አለው። በጥንት ቻይና ዛጎል እንደ ውድ ነገርና እንደ መገበያያ ያገለግል ስለነበር ዛሬም «ውድ»፣ «ርካሽ»፣ «ዕቃ»፣ «ስስት»፣ «ብድር» የሚሉት ፊደሎች ሁሉ ይህችን ዛጎል ይዘዋል። «ድሃ» የሚለው ፊደል ደግሞ ከላይ «ማካፈል»፣ ከታች ዛጎል ነው። ሀብት ሲከፋፈል ድህነት ይሆናል የሚል ሥዕል! ፊደል ፈጣሪዎቹና አባባሉን የፈጠሩት ሰዎች በዚህ ነጥብ የተስማሙ አይመስልም።

ልግስናው እንግዲህ ያለው በሁለተኛው ጥንድ ነው፤ ግን የተነገረው በስጦታ ቋንቋ ሳይሆን በርቀት ቋንቋ ነው። አባባሉ የሚያወድሰው የተሰጠውን መጠን ሳይሆን ሰውየው ከገንዘቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

«ዪ» የምትባለው ምንድን ናት?

መዝገበ ቃላት «ጽድቅ»፣ «ፍትሕ»፣ «ታማኝነት» ይሏታል። ሦስቱም ይነኳታል፤ አንዳቸውም አይሞሏትም። «ጆንግዮንግ» በተባለው የኮንፊሽየሳውያን መጽሐፍ ውስጥ ያለው ፍቺ ለአማርኛ አንባቢ የሚቀለው ነው፦ ዪ ማለት የሚገባ ማለት ነው ይላል። አማርኛችንም «ይገባል» ሲል ግዴታንም፣ ተገቢነትንም፣ መብትንም ባንድ ቃል ስለሚይዝ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ኮንፊሽየስ የከበረ ሰው የሚገባው የሚገባውን ነገር ነው፣ ትንሽ ሰው የሚገባው ጥቅሙን ነው ብሏል። በአማርኛ «መግባት» እንዲህ ሁለት ጊዜ መጫወቱ የቻይንኛው ሥራ አይደለም፤ ግን ሐሳቡን አልጎዳውም።

ከርኅራኄ ጋር እንዳትምታታ። ርኅራኄ «ሬን» የሚባል ሌላ ፊደል አለው። ርኅራኄ ያለው ሰው የሚሰጠው ልቡ ስለተነካ ነው። ዪ ያለው ሰው ግን ልቡ ባይነካም ይሰጣል፤ ወዳጁ ተቸግሯል፣ ወይም ያለ አግባብ የተገፋ ሰው በሩን አንኳኩቷል፣ ዝም ማለት አይገባም። ስለዚህ ጃንግ ዪ ሹ ጻይ ከምጽዋት ይልቅ ከወገን መቆም ጋር ይቀራረባል።

በመሬት ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ሰው፣ አባባሉ በዚህ መልኩ ከመለመዱ ብዙ ዘመን በፊት የኖረው ጁ ጂያ ነው። ታሪኩን የጻፈው ሲማ ችየን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት ገደማ፣ «ሺጂ» በተባለው ታላቅ የታሪክ መዝገቡ ውስጥ። ጁ ጂያ የሉ አገር ሰው ሲሆን ሸሽተው የመጡ ብዙ መቶ ሰዎችን ደብቆ አትርፏል። ሲረዳ የሚጀምረው ከድሃውና ከተናቀው ነበር። ቤቱ ትርፍ ሀብት አልነበረም፤ ልብሱ ቀለሙ የለቀቀ፣ ማዕዱ ከአንድ ወጥ የማያልፍ፣ የሚቀመጥበትም ጋሪ ጥጃ የሚጎትተው ነበር።

በዚያን ዘመን ጂ ቡ የሚባል የጦር አለቃ ነበር። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች የሆነውን ሊዩ ባንግን በጦርነት አስጨንቆት ስለነበር፣ ሊዩ ባንግ ሲያሸንፍ ለያዘው 1,000 ወርቅ እንደሚሰጥ፣ የደበቀው ግን ከነዘመዶቹ እንደሚጠፋ አወጀ። ጂ ቡ ራሱን ተላጭቶ፣ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት አድርጎ፣ ባሪያ መስሎ ከሌሎች ጋር ለጁ ጂያ ተሸጠ። ጁ ጂያ ማን እንደሆነ በልቡ ገብቶታል፤ ገዛውና እርሻ ላይ አሰማራው። ከዚያ ወደ ሉዎያንግ ሄዶ ለንጉሡ ቅርብ የነበረውን ሹም አግባባ፣ ምሕረትም አስገኘ። ጂ ቡ ኋላ ትልቅ ሹመት ሲያገኝ ጁ ጂያ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊያየው አልፈለገም። የረዳቸውን ሰዎች መልሶ ማግኘት ያስፈራው ነበር፤ ምስጋናቸውን ሽሽት። (ስለዚሁ ጂ ቡ «100 ጂን ወርቅ ከማግኘት የጂ ቡን አንድ ቃል ማግኘት ይሻላል» ይባል ነበርና፣ «ቃሉ ሺህ ወርቅ ነው» የሚለው ሌላ ቼንግዩ ከእሱ ወጣ።)

አራቱ ፊደሎች ሥራ ላይ ሲውሉ የሚታዩት የት ነው?

አባባሉን ሕዝብ አፍ ላይ ያተመው «ሹዊ ሁ ጁዋን» የተባለው የሚንግ ዘመን ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚነግረን በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሻንዶንግ በረግረግ ውሃ ተከቦ በሚገኝ ተራራ ላይ ስለ ሸፈቱ 108 ሰዎች ነው። መሪያቸው ሶንግ ጂያንግ መጀመሪያ በዩንቼንግ ወረዳ ጸሐፊ ነበር። ቅጽል ስሙ «ጂ ሺ ዩ» ነው፤ በጊዜው የደረሰ ዝናብ። ለድሃ ሬሳ ሣጥን ይገዛል፣ ለታመመ መድኃኒት ያድላል። ሰብሉ ከደረቀ በኋላ የሚዘንብ ዝናብ ለገበሬ ምኑም እንዳልሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቅጽል ስም ማብራሪያ አያሻውም።

በ38ኛው ምዕራፍ ሶንግ ጂያንግ በግዞት ጂያንግጆ ከተማ ነው። ሊ ኩዊ የሚባል ጥቁር፣ ጉልበተኛ፣ አፉን የማይቆጥብ የእስር ቤት ዘብ ያገኘዋል። ሊ ኩዊ አንድ ትልቅ የብር ጥፍጥፍ በ10 ሊያንግ አስይዣለሁ፣ ማስለቀቂያ አጣሁ ይላል። ውሸቱን ነው። አብሯቸው ያለው የእስር ቤት ሹም የሊ ኩዊን ጠባይ ያውቃል፤ ሶንግ ጂያንግ ግን ማንንም ሳይጠይቅ 10 ሊያንግ ብር አውጥቶ ይሰጠዋል። አንድ ሊያንግ 37 ግራም ያህል ስለሆነ የሰጠው 370 ግራም ገደማ ብር ነው። ብር ማዕድኑ፣ ብር ገንዘቡ! አማርኛ ሁለቱን ባንድ ቃል እንደሚጠራ ሁሉ ቻይንኛም ባንክን «ዪንሃንግ» ይለዋል፤ የብር ቤት ማለት ነው።

ሊ ኩዊ ብሩን ይዞ ሲወጣ ለራሱ የሚለው ነገር አባባሉን ባፉ ያስገባዋል፦ ይህ ወንድም ከእኔ ጋር ጠለቅ ያለ ትውውቅ እንኳ ሳይኖረው 10 ሊያንግ አበደረኝ፤ በእውነት ጃንግ ዪ ሹ ጻይ ነው፣ ዝናው ከንቱ አይደለም። ከዚያ በቀጥታ ቁማር ቤት ይገባል፤ አሸንፎ ሶንግ ጂያንግን ሊጋብዝበት። በቁማሩ ይሸነፋል። ሲሸነፍ የሌሎቹንም ብር ቀምቶ ይሮጣል። ሶንግ ጂያንግ ደርሶ ይስቃል፤ ገንዘብ ስትፈልግ ለምን ወደ እኔ አትመጣም ይለዋል፤ የተቀማውንም ብር ለባለቤቶቹ ያስመልሳል።

ይህች ትንሽ ትዕይንት የአባባሉን አሠራር ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ሰጪው አይመረምርም። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ አይቆጥርም። ግን ሌላ ሰው ሲበደል ዝም አይልም፤ የተቀማው ይመለሳል። ሹ ጻይ ያለ ጃንግ ዪ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው እርምጃ ባልመጣ ነበር።

ግን እኮ፣ የወረዳ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ብር ከየት አመጣው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ልብ ወለዱን ወደ 70 ምዕራፍ አሳጥሮ ከነማብራሪያው በ1641 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ሃያሲ ጂን ሼንግታን ሶንግ ጂያንግን አስመሳይ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ሰውን የሚይዝበት ዘዴ ብር ብቻ ነው ይላል። ልግስና የሰው መግዣ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ከአባባሉ ጋር አብሮ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚህ በጣም የቀደመ አንድ ታሪክ ጉዳዩን ጭራሽ በግዢ ቋንቋ ያወራዋል። በቺ አገር ሜንግቻንግ የተባለ መስፍን ነበር፤ ፌንግ ሹዋን የተባለውን ጥገኛውን ሹዌ ወደተባለው ግዛቱ ሄዶ ዕዳ እንዲሰበስብለት ላከው። ፌንግ ሹዋን «ሰብስቤ ስጨርስ ምን ገዝቼ ልመለስ?» አለ። መስፍኑም «ቤቴ የጎደለውን አይተህ» አለው። ያን ጊዜ የዕዳ ውል ሁለት ቦታ የተከፈለ ሰሌዳ ነበር፤ አበዳሪና ተበዳሪ ግማሽ ግማሹን ይይዙና ሲገጠም ውሉ ይረጋገጣል። ፌንግ ሹዋን ባለዕዳዎቹን ሁሉ ጠርቶ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አጋጠመ፤ ትክክለኛነታቸውን ካየ በኋላ ዕዳው በመስፍኑ ስም እንደተማረ ተናግሮ አቃጠላቸው። ሕዝቡ እልል አለ። ተመልሶ ሲጠየቅ «ዕንቁም ፈረስም ሞልቶዎታል፤ የጎደለዎት ዪ ነበር፤ እሱን ገዛሁልዎ» አለ። መስፍኑ ደስ አላለውም። ከዓመት በኋላ ከሹመቱ ተነሥቶ ወደ ሹዌ ሲወርድ፣ ሕዝቡ ሽማግሌውን ደግፎ ሕፃኑን ይዞ 100 ሊ፣ በዛሬው ልክ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲቀር መንገድ ላይ ተቀበለው።

መጀመሪያ ማጋጠሙ፣ ከዚያ ማቃጠሉ ልብ ይባል። ሳያጋጥም ቢያቃጥል ማን ምን ያህል እንደተማረለት አይታወቅም፤ የሐሰት ዕዳም ከእውነተኛው ጋር አብሮ ይነድዳል። ልግስናው ሒሳቡን አልሸሸም፤ ጨርሶት ነው የተወው።

ሀብት ከማባከን በምን ይለያል?

ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ገንዘብ ከእጅ መውጣት ነው፤ ስለዚህ ቻይንኛ ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ስሞቹን ማምታታት ደግሞ ምስጋናን ስድብ ያደርጋል። «ሁዊ ጂን ሩ ቱ» ወርቅን እንደ አፈር መበተን ነው፤ አባካኝ ማለት። «ዪ ጅ ችየን ጂን» በአንድ ውርወራ ሺህ ወርቅ ነው። ውርወራው የቁማር ነው፤ በታንግ ዘመን ግጥም ውስጥ ቤቱ አራት ግድግዳ እንኳ ሳይኖረው ድህነቱን የማያውቅ ጎረምሳ በአንድ ጊዜ ሺህ ወርቅ ያስይዛል። ዛሬ በጨረታ ላይ ለአንድ ሥዕል የማይታመን ዋጋ የሚከፍለው ሰው የሚባለው ይህን ነው። ለተቸገረ ወዳጁ ዕዳ የከፈለን ሰው እንዲህ ብትሉት ያዝንባችኋል።

ለአንድ ጊዜ መዋጮ የሚሆነው «ካንግካይ ጅየ ናንግ» ነው፤ በደግነት ከረጢትን መፍታት። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሕዝብ ያዋጣውን ገንዘብ የሚዘግብ ዜና የሚጠቀመው ይህን ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ የቋንቋ ብልሃት አለ። «ካንግካይ» ለጋስነት የሚል ባለሁለት ፊደል ቃል ነው። ቻይናውያን ቃሉን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው «የሌላ ሰው» የሚል ይከቱበትና «ካንግ ታ ረን ጅ ካይ» ይላሉ፦ በሌላ ሰው ንብረት ለጋስ መሆን። በሰው ኪስ የሚጋብዝ፣ በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ዘመዱን የሚጦር ሁሉ በዚህ ይወጋል። የእኛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ከዚሁ ጎረቤት ነው፤ ቃሉን በመሰንጠቅ ግን የሚቀድማቸው የለም።

የልግስናው ተቃራኒ «ዪ ማኦ ቡ ባ» ነው፤ አንዲት ፀጉር አትነቀልም። ሜንሺየስ ያንግ ጁ ስለተባለው ፈላስፋ ሲናገር አንዲት ፀጉሩን ነቅሎ ዓለምን ሁሉ መጥቀም ቢችል እንኳ አያደርገውም ብሏል። ያንግ ጁ ምናልባት ሌላ ነገር ለማለት ፈልጎ ይሆናል፤ ስሙ ግን ከስስት ጋር ተሰፍቶ ቀረ።

ሰጪው ባዶውን መቅረት አለበት?

አባባሉ ይህን አይጠይቅም። በሦስቱ መንግሥታት ዘመን ሉ ሱ የሚባል ባለጸጋ እያንዳንዳቸው 3,000 ሁ እህል የያዙ ሁለት ጎተራዎች ነበሩት። አንድ ሁ 20 ሊትር ያህል ስለሆነ አንዱ ጎተራ 60,000 ሊትር ገደማ ነው። ጆ ዩ የሚባል ሰው ብዙ መቶ ሰዎቹን አስከትሎ መጥቶ ስንቅ ሲለምነው ሉ ሱ በጣቱ አንዱን ጎተራ አሳየውና ሰጠው። ስፍር አልተጠራም፤ ሁለተኛው ጎተራ ግን ቀረ። «ጎተራን ጠቁሞ መስጠት» የሚለው ቼንግዩ ከዚህ ነው።

ነጋዴውን ፋን ሊን ደግሞ ሲማ ችየን በ19 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሺህ ወርቅ እንዳከማቸ፣ ከዚያም ለድሃ ወዳጆቹና ለሩቅ ዘመዶቹ እንዳከፋፈለ ይነግረናል። «ሩቅ» የሚለው ቃል በቻይንኛው ያው ሹ ነው። ገንዘቡን ያራቀው ሰው የራቁትን ዘመዶች አቀረበ። እየበተነ መልሶ ማካበቱ ግን የንግድ ችሎታው ነው፤ አባባሉ ላይ «ይመለሳል» የሚል ዋስትና የለም።

ራስን እስከማራቆት የሚሄደው ልግስና ሌላ ስም አለው። የጎማ ነጋዴው ታን ካ ኪ በሲንጋፖር ያፈራውን ሀብት በ1921 ለተመሠረተው የሺያመን ዩኒቨርሲቲና በትውልድ ቀዬው ላሉት ትምህርት ቤቶች አዋለ፤ ድርጅቱ በ1934 እስኪፈርስ ድረስም አላቆመም። ስለ እሱ ሲጻፍ በብዛት የሚመረጠው «ሀብትን ገልብጦ ትምህርት ቤት ማቆም» የሚለው አነጋገር ነው። ሹ ቦዩን ትከፍታለች፤ ይህኛው ማሰሮውን ይገለብጣል።

ተቀባዩስ?

አራቱ ፊደሎች ስለ ተቀባይ ዝም ይላሉ፤ ሌሎች አባባሎች ግን ይሟገቱለታል። «ሊጂ» በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ፣ በቺ ረሃብ በገባ ጊዜ ችየን አኦ የሚባል ሰው መንገድ ዳር ምግብ አዘጋጅቶ የራበውን ይጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ እየተንገዳገደ መጣ። ችየን አኦ በግራ እጁ ምግብ፣ በቀኙ መጠጥ ይዞ «አንተ! ና ብላ!» አለው። ሰውየው ቀና ብሎ «‹አንተ ና› የተባለበትን ምግብ አልበላም ብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት» አለ። ችየን አኦ ተከትሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰውየው ግን ሳይበላ ሞተ። ከኮንፊሽየስ ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆነው ዜንግዚ ታሪኩን ሰምቶ የሰጠው ፍርድ ከታሪኩ ይልቅ የሚጥም ነው፦ ሲሰድበው ትቶ መሄድ ይችል ነበር፣ ይቅርታ ሲጠይቀው ግን መብላት ይችል ነበር።

አጀማመሩ አምሮ አጨራረሱ የተበላሸ ልግስናም ይፈረድበታል። ሃን ሺን ኋላ ዝነኛ የጦር መሪ ከመሆኑ በፊት ሥራ የሌለው ወጣት ነበር። ለብዙ ወር አንድ የመንደር ሹም ቤት ሲበላ ቆየ። የሹሙ ሚስት ሰለቻትና ማልዳ አብስላ መኝታቸው ላይ ሳሉ ቤተሰቡን ታበላ ጀመር፤ ሃን ሺን በሰዓቱ ሲደርስ ምንም የለም። ገብቶት ሄደ። ቀጥሎ ወንዝ ዳር የሐር ባዘቶ የሚያጥቡ አንዲት አሮጊት ለአሥራዎች ቀናት አበሉት። አንድ ቀን ውለታዎን እመልሳለሁ ሲላቸው ተቆጡ፦ ራሱን ማብላት ያቃተው ወንድ፤ አሳዘንከኝ እንጂ ምን ልጠብቅ ብዬ!

በ202 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የቹ ንጉሥ ሲሆን አሮጊቷን አስጠርቶ 1,000 ወርቅ ሰጣቸው። ለመንደሩ ሹም 100 ሳንቲም ሰጠውና «አንተ ትንሽ ሰው ነህ፤ በጎ ጀምረህ አትጨርስም» አለው። በሃን ዘመን ስሌት አንድ ወርቅ 10,000 የመዳብ ሳንቲም ያህል ይገመት ነበር፤ በዚህ ልክ የአሮጊቷ ድርሻ የሹሙን 100,000 እጥፍ ይሆናል። ሹሙ ያበላው ለወራት ነበር፣ አሮጊቷ ግን ለሳምንታት። «አንድ ምሳ፣ ሺህ ወርቅ» የሚለው ቼንግዩ የተወለደው ከዚህ ሒሳብ ነው።

እንዴት ይነገራል? የትስ ይበላሻል?

ከቻይናውያን ጋር ለሚሠራ፣ ወይም ቋንቋውን ለሚማርና ለሚተረጉም ሰው ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አባባሉ የሰውን ጠባይ ነው የሚገልጸው፤ ተለምዷዊው አገባቡ «ታ ዌይ ረን ጃንግ ዪ ሹ ጻይ» ነው፣ «እሱ በጠባዩ እንዲህ ያለ ሰው ነው»። አንድ ቀን 500 ዩዋን ላዋጣ ሰው ከተባለ ልብሱ ይሰፋዋል፤ ለእሱ ከረጢት የሚፈታው ይበቃል። ስለ ራስ አይነገርም፤ ጉራ ብቻ ሳይሆን ጁ ጂያ የሸሸውን ነገር ማሳደድ ይሆናል። ዕዳውን የከፈለ ወይም እናት አባቱን የሚጦር ሰውም በዚህ አይመሰገንም፤ ከገንዘቡ አርቆ የሰጠው ነገር የለምና።

በጽሑፍ የሚበዛው ስሕተት የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያለውና በግራው የእንጨት ምልክት የያዘ ሌላ «ጃንግ» አለ፤ ትርጉሙ በትር ነው። የሰው ምልክት ያለው ነው ትክክለኛው። የመጨረሻው ላይም ዛጎሏን የረሳ ሰው «ሀብት» ሊል «ችሎታ» ይላል፤ ችሎታን ማራቅ ምን እንደሆነ እንግዲህ እሱ ያውቃል። ጥንዶቹን ገልብጦ «ሹ ጻይ ጃንግ ዪ» ማለት ግን ይቻላል፤ በቼንግዩ ሕግ ብዙም የማይገኝ ነፃነት ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለጋስ» ብቻውን አይበቃም። «ለሰው የሚቆም፣ ለገንዘብ የማይሳሳ» ቢባል ሁለቱም ጥንዶች ይተርፋሉ፤ ምቱም ብዙ አይርቅም።

በዛሬው የመንገድ ቻይንኛ ከአራቱ ተነጥላ ብቻዋን የምትሄደው የፊተኛዋ ጥንድ ናት። ችግር ላይ ያልካደ ጓደኛ «ጎው ጃንግ ዪ» ይባላል፤ በቂ ጃንግ ዪ አለው እንደማለት። ይቺው ቃል የብድር ጥያቄ ሲመጣ መጭመቂያም ትሆናለች፤ «ጃንግ ዪ አይደለህም እንዴ?» የተባለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ለዚያ ጊዜ ደግሞ ቋንቋው ሌላ አባባል በተጠንቀቅ አስቀምጧል፦ «ቺን ሺዮንግዲ፣ ሚንግ ስዋን ጃንግ»፤ የእናት ልጅ ወንድማማቾችም ሒሳባቸውን በግልጽ ይተሳሰባሉ። የዚህኛው ጃንግ በሌላ ፊደል ይጻፋል፤ የሒሳብ መዝገብ ማለት ነው።